ለሆኪ ካርድ ብዬ ለንደን ደርሼ መጣሁ

ለንደን ስል እንግሊዝ እንዳይመስላችሁ። የእኔዋ ከቶሮንቶ በስተምዕራብ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የኦንታሪዮዋ ለንደን ናት፤ ቴምዝ የሚባል ወንዝም አላት። ቅዳሜ በጠዋት ከዩኒየን ጣቢያ በቪያ ሬል ባቡር የሄድኩት እዚያ የድሮ ሆኪ ካርድ፣ ማለትም የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ፎቶ የታተመበት ካርድ፣ ገበያ አለ ስለተባልኩ ነው።

እዚሁ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ሰፈር ቡና ስንጠጣ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ። "አንተ ልጅ፣ ለካርቶን ቁራጭ ብለህ በዚህ ብርድ ባቡር ትሳፈራለህ?" እሳቸው ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሆኪንም ያወቁት ከተሳፋሪ ወሬ ነው። የምፈልገው የ1979-80 ኦ-ፒ-ቺ መሆኑን ስነግራቸው ግን ስኒውን አስቀመጡና "ግሬትስኪ ያለበት?" አሉ።

አዎ፣ እሱ፣ ዝነኛው የሆኪ ተጫዋች ያለበት። ኦ-ፒ-ቺ የማስቲካ ድርጅት ነበር፤ ማክደርሚድ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1911 ለንደን ውስጥ ያቋቋሙት። ካርዱ ከማስቲካው ጋር ታሽጎ ይሸጥ ነበር። የካናዳ ልጆች እኛ በቆርኪ እንደተጫወትነው ካርዱን ግድግዳ ስር እየወረወሩ ይበላሉበት ነበር። አንዳንዱም እንዲንጣጣለት ብስክሌቱ ጎማ ላይ ይሰካዋል። ዛሬ ጥርት ያለ ካርድ ማግኘት መከራ የሆነው አንድም በዚህ ነው።

ባቡሩ ኦክቪልን አልፎ ብራንትፎርድ ሲቆም ብዙ ሰው ወረደ። ዌይን ግሬትስኪ የተወለደው እዚህ ነው፣ በጥር 1961። አባቱ ዋልተር የቤል ካናዳ የስልክ ቴክኒሺያን ነበሩ፤ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ጓሮውን ውኃ አጠጥተው በረዶ ያደርጉትና ልጁ እዚያ ላይ ይንሸራተታል። ግራሃም ቤልም ስልክን ያሰበው በ1874 በዚችው ከተማ ነው። ትንሽ ከተማ፣ ትልቅ ወሬ! ከዚያ በኋላ መንገዱ ሜዳ፣ በረዶ፣ የእህል ጎተራ፣ እንደገና ሜዳ ነው። ተኛሁ።

ገበያው አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠረጴዛ በጠረጴዛ፣ ካርዱ ሁሉ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ሻጮቹ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች። ጥግ ላይ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋር ወሬ ጀመርን። የ1979-80 ካርዶች ጠርዛቸው ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው ትንሽ ከተነካ ነጩ ካርቶን ብቅ ስለሚል ጉዳቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ሰውየው ማጉያ መነጽራቸውን ሰጡኝና "ጎኑን እይ" አሉኝ። ጎኑ ተተርትሯል፤ ጭረት ጭረት አለው፣ ፀጉር ነገር ይታያል። ኦ-ፒ-ቺ ወረቀቱን የሚቆርጠው በሽቦ ስለነበር ነው። የአሜሪካው ቶፕስ ያንኑ ዓመት ካርድ ሲያወጣ በምላጭ ስለቆረጠው ልስልስ ያለ ነው። ስለዚህ ኦ-ፒ-ቺ ተብሎ ጎኑ ከመጠን በላይ ያማረ ካርድ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። ጽሑፉንም አሳዩኝ። ሥዕሉ በጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ነው፣ ጥቁሩ ፊደል ግን ድፍን ነው። ከስካን የተባዛ ፎርጅድ ከሆነ ፊደሉም ነጠብጣብ ይሆናል።

በዚህ አቆራረጥ ላይ እንከን የሌለው ግሬትስኪ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። የካርድ ጥራት ደረጃ አውጪዎቹ ከ10 10 የሰጡት አንዱ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይሁን። እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ይህ ካርድ ይህን ያህል የሚያወጣው የጀማሪነት ካርዱ፣ ማለትም የመጀመሪያው ዓመቱ ካርድ ስለሆነ ነው አይደል? በዚያው ዓመት ግን ትልቁ የሆኪ ሊግ ኤን ኤች ኤል ራሱ "ይሄ ልጅማ ጀማሪ አይደለም" ብሎ ነበር። ከዓመት በፊት ደብሊው ኤች ኤ በሚባለው ተቀናቃኝ ሊግ ስለተጫወተ የጀማሪዎቹን ካልደር ዋንጫ ከለከሉትና ለቦስተኑ ሬይ ቡርክ ሰጡት። ደብሊው ኤች ኤ ሲፈርስ ኤድመንተን፣ ኩቤክ፣ ዊኒፔግና ሃርትፎርድ ወደ ትልቁ ሊግ የገቡት በዚያ የውድድር ዘመን ነው። ልጁም 18 ዓመቱ ላይ ጀምሮ 137 ነጥብ አስቆጠረ፤ ነጥብ የሚባለው ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ ነው። የሎስ አንጀለሱ ማርሴል ዲዮንም ልክ 137! ዲዮን 53 ጎል፣ ግሬትስኪ 51 ስለነበራቸው የነጥብ አስቆጣሪነቱ ዋንጫ ለዲዮን ሆነ።

ሰው ሁሉ ግሬትስኪ ግሬትስኪ ሲል ግን እኔ ያን ዓመት የምወደው በሽማግሌዎቹ ነው። ጎርዲ ሃው ኤን ኤች ኤል የገባው በ1946 ነው፤ በ1971 ጫማውን ሰቅሎ፣ በ1973 ከልጆቹ ጋር ለመጫወት ብሎ በደብሊው ኤች ኤ ተመለሰ። በ1979-80 ዕድሜው 51 ሆኖ ለሃርትፎርድ 80ውንም ጨዋታ ተሰለፈ፣ 15 ጎል አገባ። እኔ ሳልደርስበት እንኳ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል! በየካቲት 1980 የኮከቦቹ ጨዋታ ዲትሮይት ላይ ሲደረግ 25 ዓመት የተጫወተባት ከተማ ናትና ከ21 ሺህ በላይ ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት። በተቃራኒው ቡድን ግሬትስኪ ነበር፤ በልጅነቱ ጣዖቱ ሃው ስለነበር፣ የሃውን 9 ቁጥር ሌላ ሰው ስለያዘበት 99 የለበሰው ልጅ።

የሃውን ካርድ በ20 ዶላር አገኘሁት። አንድ ማዕዘኑ ነጭ ብሏል፣ ጀርባው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ታትሟል፣ ጎኑም እንደሚገባው ተተርትሯል። አጠገቡ ሌላው አንጋፋ ተጫዋች ቦቢ ሀል በዊኒፔግ ስም ቆሟል፤ ሰውየው ግን ወቅቱ ሳያልቅ ወደ ሃርትፎርድ ተዛውሮ ከሃው ጋር ነው የጨረሰው። ካርዱ ከታተመ በኋላ ማን ያርመው!

"ሁለቱን በ30 ያድርጉልኝ" አልኳቸው። አዛውንቱ ጢማቸውን እየነካኩ ትንሽ አሰቡ። ከመስታወት ስር ያለው ግሬትስኪያቸው መሐሉ ላይ የታጠፈ ነበር፣ እሱን እንኳ ዋጋውን ጠይቄ ፈጥኜ ነው ዞር ያልኩት። በመጨረሻ እሺ አሉና ከጫማ ካርቶን ውስጥ አንድ ካርድ መዝዘው ለምርቃት ጨመሩልኝ። አየሁት፣ ማርሴል ዲዮን።