ቀለበቱ ከተከፈተ ቆይቷል

ስታክ የተደረጉ ስዊቾች፣ ማለትም በኬብል ተያይዘው እንደ አንድ የሚሠሩ የኔትወርክ ማከፋፈያዎች፣ አንድ ክፉ ጸባይ አላቸው፤ ሲታመሙ ሆድ ይፍጀው ብለው ይቀመጣሉ። የስታክ ኬብሉ ከላይኛው ስዊች ተነስቶ እስከ ታችኛው ይወርድና ተመልሶ ላይኛው ላይ ይገጥማል፤ ቀለበት ነው። በአንድ በኩል ቢበጠስ ትራፊኩ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። የሚያማርር ተጠቃሚ የለም፣ ስልክ የሚደውልም የለም። ሰሞኑን ያደከመኝ ጣጣ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

አራት ስዊቾች ናቸው፣ አንድ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ላይ ተደራርበው። የታችኞቹ ሁለቱ «በራሳቸው እየጠፉ ይነሳሉ» ተባለ። የሰማ ሁሉ መብራት ነው አለ። የኃይል ገመድ ተቀየረ፣ ዩፒኤሱ ተጠረጠረ፣ ነገሩ ግን ያው ነበር። እኔን አልዋጥ ያለኝ ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል መነሳታቸው ነው። አንዱ ኃይል የሚያገኘው ከአንድ መስመር፣ ሌላው ከሌላ፤ ታዲያ በምን ተማክረው ነው አብረው የሚጠፉት?

«ሾው ቨርዥን» የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቼ እያንዳንዱ ከተነሳ ምን ያህል እንደቆየ አየሁ። የላይኞቹ ወራት አስቆጥረዋል፣ የታችኞቹ ከጠዋት ወዲህ ናቸው። የላይኛውን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ወደ ኋላ ሳነብ ደግሞ ከእያንዳንዱ መነሳት በፊት አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ የስታክ ፖርት (የስታክ ኬብሉ የሚሰካበት) ወረደ፣ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ፤ ሪሎዱ፣ ማለትም ጠፍቶ መነሳቱ፣ የመጣው ከተመለሰ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ እንዲህ አይጻፍም። የመብራት ወሬ ለእኔ እዚያው አበቃ።

ከዚያ «ሾው ስዊች ስታክ-ፖርትስ ሰመሪ»። ሰው ይህን ትዕዛዝ ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም፤ ግማሹን ሥራ ከወንበር ሳይነሱ ያስጨርሳል። ከታች ወደ ላይ የሚመለሰው ረጅሙ ኬብል አንደኛው ጫፍ ላይ «ዳውን» ይላል፣ ርዝመቱንም ያነባል፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ «አብሰንት» ይላል። ዳውን ማለት ኬብሉ ይታየኛል፣ ጎረቤት ግን የለኝም ማለት ነው። አብሰንት ማለት ኬብልም አላየሁ ማለት ነው። ስለዚህ የላላው የትኛው ጫፍ እንደሆነ ራኩ ጋ ሳልደርስ አወቅኩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ስዊች መካከል ያለው ደግሞ «ኦኬ» ብሎ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ሊንኩ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሳ የሚቆጥረው ዓምድ ላይ ያለው ቁጥር ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ኦኬ የሚለውን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ይሸወዳል።

ነገሩ ሲገጣጠም እንዲህ ነው። ቀለበቱ ከተከፈተ ቆይቷል፣ የነገረን ግን የለም። መሀል ላይ ያለው ኬብል ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር የሚዞርበት መንገድ ስላልነበረ ስታኩ ለሁለት ተከፈለ። የታችኛው ግማሽ የራሱን ማስተር፣ ስታኩን የሚመራውን ስዊች፣ መረጠ (አዲሶቹ ሞዴሎች ላይ አክቲቭ ይሉታል)፤ ሁለቱም ግማሾች አንድ ዓይነት ኮንፊግ (ቅንብር)፣ አንድ ዓይነት አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ይዘው ቀሩ። ኬብሉ ሲመለስ ሁለት ማስተር አብሮ መኖር አይችልም። ፕራዮሪቲው (የቅድሚያ ቁጥሩ) የበለጠው ይቀራል፣ የተሸነፈው ወገን ሪሎድ ያደርጋል። ፕራዮሪቲ ከ1 እስከ 15 ነው፣ ካልነኩት 1 ነው፣ እኩል ከሆነ ዝቅተኛ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠ መለያ ቁጥር) ያለው ያሸንፋል። የእኛ የላይኛው 15 ስለተሰጠው ሁልጊዜ ዕዳውን የሚከፍሉት የታችኞቹ ነበሩ።

ፍጥነቱም በግማሽ ወርዶ ነበር ማለት ነው። የድሮው የሲስኮ ስዊች ካታሊስት 3750 ላይ በሰከንድ 32 ጊጋቢት የሚባለው፣ 9300 ላይ 480 የሚባለው፣ ቀለበቱ ሙሉ ሲሆን ነው። እኛ ጋ ይህንንም ማንም ልብ አላለውም፤ ያን ያህል ትራፊክ የለንም።

ጥገናው ላይ የሚያሳስበው ቅደም ተከተሉ ነው። እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደሚያስቸግረው ኬብል ነው፤ ነቅሎ መልሶ ለመሰካት። ቀለበቱ ክፍት እያለ ያንን መንቀል ግን ስታኩን በገዛ እጅ መሰንጠቅ ነው፤ ሰው ሥራ ላይ እያለ ግማሹ ስዊች ይነሳል። መጀመሪያ የላላው ጫፍ ይጠበቃል፣ ቀለበቱ «ፉል» ማለቱ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን እንደልብ መነካካት ይቻላል።

ከራኩ ጀርባ ያየሁት ይኸው ነው፦ ኮኔክተሩ ግራና ቀኝ በእጅ የሚጠብቁ ሁለት ብሎኖች አሉት። አንዱ እስከ መጨረሻው ገብቷል፣ ሌላው ጭራሽ አልተነካም። ኮኔክተሩ ጋደል ብሎ ባልጠበቀው በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። ኬብሉ ወፍራምና ደረቅ ነው፤ ሦስት ሜትሩ ደግሞ ተጠቅልሎ በክብደቱ ወደ ታች ይጎትታል። ሁለቱን ብሎኖች በየተራ ትንሽ በትንሹ አጠበቅኩ፣ የተጠቀለለውን ከራኩ እግር ጋር አሰርኩ። መሀለኛውን በሌላ የ50 ሴንቲሜትር ኬብል ስቀይረው መቁጠሪያው ቆመ፤ አሮጌውን ሌላ ቦታ ብሰካው ችግሩ አብሮት ሄደ። ፖርቱ ንጹህ ነው፣ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ጫፉን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት፤ ካልተቆረጠ አንድ ቀን አንድ ሰው ከመሳቢያ አውጥቶ መልሶ ይሰካዋል።

አሁን የቀረኝ ክርክር ሞኒተሪንጉ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፖርት ሲወርድና ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ይጎርፋል፣ ስለ ስታክ ፖርት ግን አንድም አልተቀናበረም። ባልደረባዬ ማስጠንቀቂያ በዛ ይላል፤ የተጠቃሚዎቹን አጥፍተን የስታኩን እናብራ አልኩት። ሰኞ እንነጋገራለን።