ኑዛዜ ፍለጋ ወደ ደሴ

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይለወጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ደሴ ስደርስ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። የመጣሁት የቅድመ አያቴን ወገኖች ፍለጋ ነው።

እኛ ቤት ዘር ይቆጠራል፤ በወንዶቹ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይዘልቃል። እህቶቹ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ርስት በእናትም በአባትም ይጠየቅ ስለነበር የእናትን ወገን መቁጠር መሬት ያስገኝ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ ቆጠራ ጥቅሙ ቀረ። የሚያስታውሱትም እያለቁ ሄዱ። አሁን ተስፋው ወረቀት ነው።

ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩት አክስቴ ቡና እያፈሉ ጉዳዬን ሰሙ። «አብሽር፣ የአባባ ኑዛዜ አለ» ብለው ከሳጥን አወጡልኝ።

የተጻፈው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። እኔም ቤቱ ለማን እንደደረሰ ከማየቴ በፊት ምስክሮቹን አነበብኩ። ጎረቤት አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ አማች አለ። አማችየው የማን ባል ነው? አክስቴ ትንሽ አሰቡና የአንዲት የአያቴን እህት ስም ጠሩ። እኔ ጨርሶ ሰምቼው አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። ልጁን በግልጽ ከውርስ የሚነቅል አባት ምክንያቱን እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ቤተሰብ አፍኖት የኖረ ጠብ እዚያ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ከኛም አንድ አጎት እንዲህ ተነቅሏል። ምክንያቱን አልጽፍም፤ ልጆቹ አሉ።

ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ መዝገብ አለ። ከኑዛዜም አስበልጬ የምወደው ይህን ነው፤ በተለይ ልጅ ያልወለደ ሰው መዝገብ። ልጅ ከሌለ ውርሱ ወደ ወላጆች ይወጣል። እነሱም ከሌሉ ወደ ወንድምና እህት፣ ከዚያም ወደ ልጆቻቸው ይወርዳል። ወራሽ ነኝ ያለ ሁሉ ዝምድናውን ማስረዳት ስላለበት ስንት የተረሳ ስም ይነሳል!

ወሎ ላይ ግን አንድ በር ማንኳኳት አይበቃም። አንዱ ወንድም ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው መስጊድ ይሄዳል። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። ስም ሲለወጥ ወንድማማችነት ወረቀት ላይ ይሰወራል። የቅድመ አያቴ ወንድም ሙስሊም ስለነበሩ ውርሳቸውን ያየው ቃዲ ነው። አክስቴ ወረቀቱ ወዳለበት ወደ ልጅ ልጃቸው ቤት ወሰዱኝ።

በሸሪዓ የእያንዳንዱ ድርሻ የታወቀ ነው። ሟቹ ልጅ ካለው ለሚስት ስምንተኛ ይደርሳታል፤ ሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ታገኛለች። ስለዚህ ወራሹ ሁሉ በስሙ ይጠራል፣ ሴቶቹም ጭምር። ከሲሶ ሳያልፍ ደግሞ ወራሽ ላልሆነ ሰው መናዘዝ ይቻላል። ቅድመ አያቴን ያገኘኋትም እዚያ ላይ ነው። የተጠመቀች እህታቸው ከውርሱ ድርሻ ስላልነበራት በወሲያ፣ ማለትም በእስልምናው ኑዛዜ፣ በሬ ሰጥተዋታል። ከስሟ ፊት «እህቴ» ብለው አስጽፈዋል። እንባዬ መጣ።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶችም ጠፍተዋል። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ ያለ ግልባጭ ዛሬ ብቸኛው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቤት ለምኜ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ማኅተሙንና ጥግ ላይ ያለችውን የመዝገብ ቁጥር እንዳትዘሉ። መዝገብ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ያቺን ቁጥር ነው።