አልቅሶ ነበር?

መጀመሪያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ ሐረር ውስጥ። ተንፍሶ የሞተ ሕፃን ጠዋት መዝገቡ ላይ «ሙት የተወለደ» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሽታና ሞት በሕዝብ ውስጥ ማንን፣ የት፣ ለምን እንደሚያገኝ የሚያጠናውን ትምህርት፣ እንድማር የገፋፋኝም እሱ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ያገኘሁት ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቀርሳ ወረዳ ውስጥ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። ለጥናቴ ወደዚያው ወጣሁ።

የመጀመሪያው መጠይቄ «በሕይወት ነው የተወለደው ወይስ ሞቶ?» ይላል። አንዲት እናት ጫት እየለቀመች «ሞቶ» አለችኝ። አማቷ ከጓዳ ሰምተው ወጡ። «ኧረ ልጄ፣ ድምፁን እኮ ሰምቻለሁ! ቡናው ሳይፈላ ነው የሄደው።» ስም ላልወጣለት ልጅ እዚያ ቤት አይለቀስም ነበር። ሞቶ ተወለደ ማለት ለእናቲቱ ይቀላል።

የዚያን ቀን ማታ መጠይቁን ቀደድኩት። በምትኩ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ገቡ፦ አልቅሶ ነበር? ተንፍሶ ነበር? ተንቀሳቅሶ ነበር? አንዱ «አዎ» ከሆነ ልጁ በሕይወት ተወልዷል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ፣ በ2011ዱ ደግሞ 33ቱ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። «ሙት» የተባለ ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። መፍትሔውም ይለያያል። ማህፀን ውስጥ ለሚሞተው የእርግዝና ክትትል፣ የደም ግፊትና የቂጥኝ ምርመራ ያስፈልጋል። ተወልዶ መተንፈስ ላቃተው ግን በዚያችው ደቂቃ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባ ከረጢት) የያዘ የሠለጠነ እጅ ነው የሚያድነው።

ሌላም ነገር ተማርኩ። መረጃ ሰብሳቢዎቼ ኦሮምኛ አፍ የፈቱ፣ ራሳቸው የወለዱ ሴቶች ሆኑ። ባል ባለበት አንጠይቅም። ልጁ የተወለደበትን ቀንም «ከረመዳን በፊት ነው በኋላ?» እያልን እናገኘዋለን። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም ግን የትኛው ዓመት እንደሆነ መጀመሪያ ማጣራት ግድ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ብዙ ቀን አቃጥያለሁ።

ወደዚያች እናት ተመልሼ ሄድኩ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጫቱን አብሬያት ለቀምኩ። ቆይቼ «አልቅሶ ነበር?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ቀና ሳትል «ሁለት ጊዜ» አለችኝ።