«አወቅኸኝ?» አትበሉት

የምኖረው ግላስጎው፣ ስኮትላንድ ነው። ሥራዬ ኒውሮሳይኮሎጂ ነው። ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች ትዝታቸው፣ ትኩረታቸውና ጠባያቸው እንዴት እንደሚለወጥ እናጠናለን። ወደ ኑሯቸው የሚመለሱበትንም መንገድ እንፈልጋለን። ለእረፍት አዳማ ስገባ የአክስቴ ልጅ ራሱ ታካሚ ሆኖ ጠበቀኝ። ፍራንኮ አካባቢ ባጃጁ ተገልብጣ ጭንቅላቱን ተመትቷል።

የሆስፒታል ወረቀቱን አሳዩኝ። ሲገባ 9፣ ሲወጣ 15 ይላል። ይህን የንቃት መለኪያ ያወጡት እኔ በምኖርበት ከተማ ይሠሩ የነበሩ ቲዝዴልና ጄኔት የተባሉ ሐኪሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1974። ታካሚው ዓይኑን ይከፍታል ወይ? ይናገራል ወይ? ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል ወይ? በዚህ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። 15 ማለት ነቅቷል ማለት ነው። ድኗል ማለት አይደለም። ቤተሰቡ ግን «ሙሉ አገኘ» ብሎ እልል እያለ ነው ወደ ቤት የወሰደው። ልዩነቱን ማንም አላስረዳቸውም።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ያወራል። ካልቀሰቀሱት ግን ከአልጋው አይወርድም። ዕቃ ሲላክ የተላከበትን መንገድ ላይ ይረሳል። በትንሽ ነገር ቱግ ይላል። «እያወቀ እኮ ነው ልጄ። ሰንፎብኝ ነው» አለችኝ አክስቴ፣ እንባ እየተናነቃት።

ስንፍና አይደለም። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሥራ ያስጀምራል፣ ያቅዳል፣ ቁጣን ይገታል። እሱ ሲጎዳ ሰው ሥራውን እያወቀው መጀመር ያቅተዋል። ለአክስቴ ሞተሩ ደህና ሆኖ ማስነሻው የተበላሸ ባጃጅ ነው ብዬ ነገርኳት። ወዲያው ገባት። ጠበል መውሰዷንም አልተቃወምኩም። ክኒኑን እንዳታቋርጥበት ብቻ ለመንኳት።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ጠያቂው ነው። ሰፈሩ ደግ ነው፤ ሁሉም ይመጣል። የገባው ሁሉ ግን ፊቱ ላይ ጎንበስ ብሎ «አወቅኸኝ? እስቲ ማን ነኝ?» ይለዋል። ልጁ ይገምታል። ይሳሳታል። አንዱ ይስቃል፣ ሌላዋ ታለቅሳለች። እሱ ያልበዋል። ሲመሽ ማንንም ማየት አይፈልግም።

ይህ ጥያቄ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ይጎዳል። ትዝታው የተጎዳ ሰው ስህተቱን ለይቶ ማረም ይቸግረዋል። የገመተው ስህተት ራሱ ይቀረጽበታል። ባርባራ ዊልሰን፣ አለን ባድሊና ባልደረቦቻቸው እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሳይገምቱ፣ ትክክለኛው ነገር ቀድሞ ሲነገራቸው የተሻለ እንደሚማሩ አሳይተዋል። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ ጠያቂውን ሁሉ ለመንኩ። መጀመሪያ ስማችሁን ንገሩት። «እኔ ጎረቤታችሁ እገሊት ነኝ» በሉት። ከዚያ የፈለጋችሁትን ተጫወቱ።

አክስቴ ትንሽ ሱቅ አላት። ስልኩ ላይ ደወል ሞላንለት። ሱቁን ክፈት፣ ዳቦ ተቀበል፣ ክኒን ውሰድ እያለ ሰዓቱን ጠብቆ ይጮኻል። ቀላል ይመስላል። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሌላ ጥናት 143 ሰዎች በፔጀር፣ ማለትም አጭር መልእክት በሚቀበል ትንሽ የኪስ መሣሪያ፣ ማስታወሻ ተሰጥቷቸው ጥናቱን ከጨረሱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ሥራቸውን ከበፊቱ በተሻለ ሠርተዋል። እኛ ዛሬ ስልክ አለን። ወደ ባጃጁ መቼ እንደሚመለስ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ትኩረቱና ፍጥነቱ በደንብ ሳይመረመር መሪ መያዝ የለበትም። ፊት ለፊት ነው የነገርኩት፤ ከፍቶታል።

የተሳሳተ ጥያቄ አዳማ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ግላስጎው አንድ የአገራችን አዛውንት በአስተርጓሚ ሲመረመሩ ዘመኑን ተጠየቁ። «2016» አሉ። የመርማሪዋ ወረቀት 2024 ነው የሚለው። ሰዓት ተጠየቁ፤ ከጠዋቱ ሦስት አሉ። የእሷ ሰዓት 9 ይላል። ሁለቱም ስህተት ተብሎ ሊጻፍባቸው ነበር። ሰውዬው አንዱንም አልሳቱም። ውጭ ያላችሁ፣ እናት አባታችሁ ለትዝታ ምርመራ ሲጠሩ አብራችሁ ሂዱ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችንና ስለ ሰዓታችን ምርመራው ሳይጀመር ንገሯቸው፤ ፋይሉም ላይ እንዲጽፉት ጠይቁ።