ቁርስ ላይ የሚጀምረው ማታ

በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ስለመብላት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ማታው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጠዋቱ ነው። አንዲት ልጅ ቁርስ አልበላችም እንበል፤ ምሳም ጥቂት ቀምሳ «ጠገብኩ» ብላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ፍሪጁ በር ላይ እንደቆመች በጥድፊያ ትበላለች፤ ጣዕሙ እንኳ አይታወቃትም። ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰውነት ያለበትን ዕዳ ነው የጠየቀው። እሷ ግን «ሆዳም ነኝ» ብላ አልቅሳ ትተኛለች፤ ለማካካስም የነገውን ቁርስ ትተወዋለች። አዙሪቱ የሚቋጠረው እዚህ ጋ ነው።

ግብዣ ላይ አብዝቶ መብላት ሕመም አይደለም። ሐኪሞች ሕመም ነው የሚሉት በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሌላው ሰው ከሚበላው እጅግ የበዛ ሲበላ፣ ማቆምም ሲያቅት፣ ይህም ቢያንስ በሳምንት 1 ጊዜ ለ3 ወር ሲደጋገም ነው። መደበቅ፣ ሳይርብ መብላትና ከበሉ በኋላ ራስን መጸየፍ አብረውት ይመጣሉ።

ከረሃብ ቀጥሎ ክፉው ቀስቃሽ ክልከላ ነው። ጣፋጭ አልነካም ብላ የማለች ሴት አንድ ብስኩት ስትቀምስ «ዛሬስ አንዴ ተበላሽቷል» ትልና ፓኬቱን ትጨርሳለች። የጎዳት ብስኩቱ ሳይሆን መሐላው ነው። «ወፈርሽ እኮ» የምትል ቃልም አለች፤ ተናጋሪው በማግስቱ ይረሳታል፣ የ14 ዓመት ልጅ ግን ለዓመታት ትሸከማታለች። እንቅልፍ ማጣት፣ የታፈነ ንዴት፣ ብቸኝነት፣ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ያሉት ቀናትም ያባብሱታል።

መላው ከምግብ መራቅ አይደለም። በቀን 3 ጊዜ ምግብ፣ በመሀሉ 2 ወይም 3 መክሰስ፤ ከ4 ሰዓት በላይ ሆድን ባዶ አለማቆየት። ከባዱ፣ ያለ ልክ ከተበላበት ሌሊት በኋላ ያለው ቁርስ ነው፤ እሱ መዘለል የለበትም። ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት የተበላው መቼ እንደነበርና የተሰማትን ትጻፍ። ካሎሪና ኪሎ አይጻፍ፤ እነሱ ራሳቸው ቀስቃሾች ናቸው። ማስመለስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ ከተጀመረ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ከአልጋ ሥር የተደበቀ የብስኩት ላስቲክ ያገኘሽ እናት፣ እባክሽ ምግብ አትቆልፊባት። ላስቲኩንም ፊቷ አታውጪ። ጠዋት ሁለት ሳህን አቅርቢና «ነይ፣ አብረን ቁርስ እንብላ» በያት።