መሪው የከበደኝ ብርዱ መስሎኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው መኪናን ከስር እንዴት እንደሚበላ ልነግራችሁ ነው፣ ይሄን የምጽፈው በረዶ የሚበዛበት አገር ለምትኖሩና አሮጌ ኤስዩቪ ለምትነዱ ወይ ልትገዙ ላሰባችሁ ነው። ረዘም ይላል ግን ታገሱኝ፣ እኔ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ሁለት ዊንተር ሙሉ ልጆቼን ከኋላ ጭኜ አልሄድበትም ነበር።

መኪናውን ስገዛው 14 አመቱ ነው። ውስጡ ንጹህ፣ ሞተሩ ሲነሳ ድምጹ የማይሰማ፣ ማርሹ ለስለስ ብሎ የሚገባ። ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቱን አየሁ፣ ጎማዎቹን አየሁ፣ አንድ ዙር ነዳሁት፣ በቃ ገዛሁ። ጎንበስ ብዬ ስሩን አላየሁም። ከስር ጥቁር ነገር እንደ አዲስ ተቀብቶ ነበር፣ እሱንም ሻጩ በደንብ ይይዘው ነበር ማለት ነው ብዬ ደስ ነው ያለኝ። ያደግኩት መንገድ ላይ ጨው በማይረጭበት አገር ነው፣ ዝገት ሲባል በር ስር ቀለሟ የለቀቀች ትንሽ ቦታ እንጂ ብረት እንደ ብስኩት የሚፈረፍርበት ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ መሪው ነው። የሌሊት ፈረቃ ነው የምሰራው፣ ጠዋት ስወጣ መኪናው ውጪ ስለሚያድር መሪው ሲከብደኝ ብርዱ የመሪ ዘይቱን አወፍሮት ነው እላለሁ። እውነትም ትንሽ እንደዛ ይሆናል፣ ግን የኔ ግማሽ ሰአት ነድቼ ሞተሩ በደንብ ሞቆም አልቀለለም። ሌላ ምልክትም ነበረ፣ ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ ዋናው እሱ ነው፦ ታጥፌ መሪውን ላላ ሳደርገው በራሱ አይመለስም። ጤነኛ መኪና ከታጠፋችሁ በኋላ መሪው እጃችሁ ውስጥ እየተንሸራተተ ራሱ ወደ ቀጥታ ይመጣል፣ የኔ ባለበት ይቀራል፣ ጎትቼ ነው የምመልሰው። ሃይዌይ ላይ ደግሞ ቀጥ አይልም፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያልኩ ሳስተካክል ነው የምደርሰው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስሰራ አድሬ ደክሞኝ ነው ብዬ ድካሜ ላይ አሳበብኩት።

ቀጥሎ ድምጽ መጣ። ጉድጓድ ሳልፍ ከፊት በግራ በኩል ቋ ይላል፣ ቆሜ መሪውን ስጠመዝዝ ደግሞ ሲጢጥ ይላል። ያኔ ጋራዥ ወሰድኩት። ቦልጆይንቱ (ጎማውን ከክንዱ የሚያገናኘው) ሄዷል፣ ቲራንቲውም (ከመሪው መጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ልል ነው፣ የስታቢላይዘሩ (ስንታጠፍ መኪናው እንዳይጋደል የሚይዘው) ሊንክ ተሰብሯል አሉኝ፣ ሁሉንም አስቀየርኩ። የመሪው ዘንግ ላይ ያለችው መታጠፊያ፣ ክሮቼራ የሚሏትም ዝጋ ድርቅ ብላ ነበር፣ መሪውን የሚያከብደውና እንዳይመለስ የሚይዘው አንዱ እሷ ነበረች፣ እሷም ተቀየረች። ስራው ከታሰበው ሶስት እጥፍ ጊዜ ወሰደ ምክንያቱም ብሎኖቹ አልፈታ አሉ። ዝገት ከበላው ብረት በላይ ቦታ ነው የሚይዘው፣ እያበጠ ስለሚሄድ ብሎኑን ቡሹ (ክንዱ የሚታሰርበት ላስቲክ) ውስጥ ካለው ቱቦ ጋር አንድ አድርጎ ያጣብቀዋል። ዘይት ረጩበት፣ በእሳት አሞቁት፣ አንዱን እስከ መቁረጥ ደረሱ። አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) ሲሰራም ጎማውን የሚያስተካክሉበት ብሎን ደርቆ ስለነበር በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ ሊስተካከል አልቻለም።

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ መሪው ቀለለ፣ ቋ ማለቱም ቆመ፣ ሃይዌይ ላይ መንከራተቱ ግን አለቀቀኝም። ተመልሼ ስሄድ አሮጌ መኪና ነው ከዚህ በላይ አይሆንም ተባልኩ። እኔም አመንኩ። ሌላ ዊንተር ነዳሁት።

ነገሩን የነገሩኝ አንድ በእድሜ የገፉ ያገራችን ሰው ናቸው፣ ድሮ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው አልፎ አልፎ ለሰው የሚያዩ። ሰው አስተዋወቀኝና አንድ ቅዳሜ ወሰድኩላቸው። መኪናውን ገና ሳያነሱ "ከፊት ምን ምን ቀየርክ?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው። "ከኋላስ ማን አየልህ?" ማንም አላልኩም፣ ዝም ነው ያልኩት። መኪናውን አንስተው በባትሪ እያበሩ ከኋላ ገቡና ካቻቢቴ አቀብለኝ አሉ። የኋላውን ጎማ ይዞ ወደ ፊት የሚሄደው ክንድ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው ዋናው ብረት) ላይ የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ያቺ ደስ ያለችኝ ጥቁር ቅብ ላይ፣ ካቻቢቴውን ገፋ አደረጉት። እስከ እጀታው ገባ። መዶሻ ሳይነካው፣ በእጅ ብቻ ነው። ሲያወጡት ቡናማ ቅርፊት ከእርጥብ ጭቃ ጋር እየተቀላቀለ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ልጄ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ማነው?" አሉኝ።

"ልጆቼ ናቸው ጋሼ።"

ለጥቂት ጊዜ ምንም አላሉም። ከዛ ጎማውን ይዘው ሲወዘውዙት ክንዱ ከነብሎኑ፣ ብሎኑ ከነላሜራው ሲንቀሳቀስ አሳዩኝ። ያ ሁሉ መንከራተት ከመሪው አልነበረም። የኋላ ጎማ የታሰረበት ቦታ ሲላላ ጎማው ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፣ እና መኪናው ከኋላ በኩል ራሱን ይመራል ማለት ነው፣ እናንተ ከፊት ብታስተካክሉ ብታስተካክሉ አይሆንም። ከፊት ያለው ሁሉ አዲስ ሆኖ ሻንሲው ግን አልቆ ነበር።

ብየዳ ይዞት አይቆይም ወይ ብዬ ለመንኳቸው፣ እውነት ነው የምላችሁ ለመንኳቸው። "ብየዳ ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው የሚይዘው፣ እዚህ የቱን ከየቱ ላያይዘው?" አሉኝ። ከላይ ላሜራ ለጥፎ የሚሸፍን ሰው አይጠፋም፣ ዝገቱ ግን ከውስጥ ነው የጀመረው፣ ሻንሲው እንደ ሳጥን ውስጡ ባዶ ነው፣ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ጨዋማው ውሃ ውስጡ ተኝቶ ይበላዋል። ከውጪ ደህና የሚመስል ብረት ውስጡ ወረቀት ይሆናል።

ጨዉ እንዴት እንዲህ እንደሚያደርግ ከዛ በኋላ ነው ያነበብኩት። ጨው በረዶን የሚያቀልጠው ውሃ የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርግ ነው፣ ተራው ጨው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ስለሚደክም ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ይጨምራሉ። እነዚህ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ፣ መንገዱ ደርቆ እንኳ መኪናችሁ ስር የተለጠፈው ጭቃ አይደርቅም። ዝገት ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ከባድ ብርድ ላይ ቀስ ይላል፣ በረዶው ቀለጥ ሲልና ሲረጥብ ነው የሚፈጥነው። በረዶ የለበሰ መኪና ሳይታጠብ የሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ ማሳደር እንክብካቤ ይመስላል፣ እንደዛ አይደለም።

ችግሩ የኔ መኪና ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2023 ሆንዳ አሜሪካ ውስጥ ጨው የሚረጭባቸው ግዛቶች ውስጥ ያሉ ከ2007 እስከ 2011 ሞዴል ሲአርቪዎችን፣ ከ560,000 በላይ መኪና ማለት ነው፣ ለዚሁ ነገር ሪኮል አድርጓቸዋል (ለምርመራና ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል)፣ የኋላው ክንድ የሚታሰርበት ሻንሲ በዝገት ተበልቶ ክንዱ ሊላቀቅ ይችላል ተብሎ። የኔ መኪና እሱ አይደለም፣ የኔ ሪኮል አልነበረውም። ግን የሻንሲ ቁጥራችሁን ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ሪኮል ካለው ፈልጉ፣ ደቂቃም አይፈጅም።

አሁን አሮጌ መኪና ያለው ሰው ካገኘሁ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሻንሲውን ሳታዩ እቃ አትቀይሩ። ቦልጆይንት ይቀየራል፣ ቲራንቲ ይቀየራል፣ አሞርተዘር (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደው) ይቀየራል፣ እነሱ የሚታሰሩበት ብረት ካለቀ ግን አዲሱን እቃ የምታስሩት አየር ላይ ነው። ካቻቢቴና ትንሽ መዶሻ ያዙ፣ ክንዶቹ የሚታሰሩበትን፣ ሞላው የሚቀመጥበትን፣ አሞርተዘሩ ከላይ የሚያዝበትን ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምጽ ይሰጣል፣ የተበላው ድፍን ያለ ነው፣ አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም። የሞላውን የታችኛውን ዙር እዩ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዛ ጋር ነው፣ ስባሪው ጎማ ሊቀድ ይችላል። የፊት ጎማውን አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፣ ከተንቀሳቀሰ ቦልጆይንት ወይ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው፣ ግራና ቀኙን ይዛችሁ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቲራንቲ ነው። የመሪ ዘይት የሚሄድባቸውን ቱቦዎችና የፍሬኑን ቱቦ አትርሱ፣ እነሱም ብረት ናቸው፣ እነሱም ይበላሉ። እና እባካችሁ በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር አትግቡ፣ መቆሚያ አድርጉበት፣ ሻንሲው የዛገ መኪና ደግሞ ክሪኩ ራሱ ብረቱን በስቶ ሊገባ ይችላል።

ስለ ጥቁሩ ቅብም ልበል። የተበላ ብረት ላይ ጎማ መሰል ቅብ ሲቀባ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ነው የሚይዘው፣ ከላይ ቆንጆ ሆኖ ከስር ስራውን ይቀጥላል። ከዊንተር በፊት በየአመቱ የሚረጨው ዘይት ወይ ሰም ነገር ይሻላል፣ ስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ከጭቃ ጋር ሲያዩት ያስጠላል ግን ይጠብቃል። ሊሸጥላችሁ የቀረበ አሮጌ መኪና ስሩ ብቻ አዲስ ጥቁር ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ያን ቅዳሜ መኪናውን ነድቼ አልተመለስኩም። ባለቤቴ ደውላ የት ቀረህ ስትለኝ ልነግራት አልቻልኩም፣ እቤት ደርሼ ፎቶውን ሳሳያት ልጆቹን አቅፋ አለቀሰች። ለአንድ ወር በአውቶቡስ ስራ ሄድኩ፣ ሌሊት በዛ ብርድ ቆሜ ስጠብቅ የሚያናድደኝ ለፊተኛው እቃ ያወጣሁት ሳይሆን ሁለት አመት ሙሉ መኪናው ሲነግረኝ አለመስማቴ ነበር።

በመሃል አንድ አዲስ የመጣ የኛ ልጅ መኪናውን እንድሸጥለት ጠየቀኝ። ሞተሩ ጥሩ ነው ብለውት ነው፣ ስራ አግኝቶ መሄጃ አጥቶ ነበር፣ ጨንቆታል። መኪናው ጋሼ ግቢ ነበር፣ ወሰድኩትና ስሩን በባትሪ አሳየሁት፣ ካቻቢቴውንም ራሱ እንዲይዘው አደረግኩ። ዝም ብሎ አየኝና "ሌላ ሰው ቢሆን ይሸጥልኝ ነበር" አለኝ። መኪናው ለብረት ሄደ፣ አዲስ የተቀየሩትን የፊት እቃዎች እንኳ አላወጣንም።

ከወር በኋላ እሱ የሚገዛውን መኪና ለማየት አብረን ሄድን። ሻጩ ኮፈኑን ሊከፍትልን ሲል ልጁ ጃኬቱን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈና ባትሪውን ይዞ ከኋላ ጎማው ስር ገባ። እኔ ቆሜ የመዶሻውን ድምጽ እሰማለሁ፣ ጥርት ያለ ነበር።