መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ አፍ፦ በግቢያችን ዛፎችና ዘሮች መቁጠርን እንዴት እንደማስተምር

በኦ ክፍል የማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ ቁጥርን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ እስከ ሃያ ይወርዱታል። ቤተሰብም «ልጄ ቁጥር ያውቃል» ይለኛል። ግን አምስት ጠጠር ፊታቸው ደርድሬ «ስንት ነው?» ስላቸው አፋቸው ከጣታቸው ይቀድማል። አንዱን ጠጠር ሁለቴ ይነኩታል፣ ሌላውን ይዘሉታል። ቆጥረው ሲጨርሱ «ታዲያ ስንት ሆነ?» ካልኳቸው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ቁጥር መጥራትና ዕቃ መቁጠር ለየብቻ የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። ጌልማንና ጋሊስተል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. አምስት የአቆጣጠር መርሆዎችን አስቀምጠዋል። ለኔ ክፍል ሁለቱ ይበልጡብኛል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት ነው። ልጁ እነዚህን ሁለቱን ከያዘ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

መቁጠሪያ የማገኘው ከግቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የባህር ዛፍ ፍሬ አይጠፋም። ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይሰበርም፣ ለልጅ ጣትም ይመቻል። የወደቀ ቅጠል፣ ጠጠርና ጭራሮም አለ። ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው ያመጣሉ፤ እኔ አያለሁ፣ አጥባለሁ። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉር ስለሆነ ዓይን ይስባል፣ ግን ክፉ መርዝ ነው። ብርብራም ዓሣ ለማስከር የሚወቀጥ ዘር ነው። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ አላስገባም። ትንንሹን ፍሬ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ካለ ደግሞ ለሱ ተለቅ ያለ ድንጋይ እሰጠዋለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሬት ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ እሠራለሁ። ፍሬዎቹ አንደኛው ክብ ውስጥ ይቀመጣሉ። ልጁ አንዱን አንስቶ ወደ ሌላው ክብ ሲያሻግር ብቻ ቁጥሩን ይጠራል። «እጅ ሳይደርስ አፍ አይናገርም» የሚል ደንብ አለን፤ አሁን አሁን እርስ በርስ የሚተራረሙበት እነሱ ናቸው። ሲያልቅ በመዳፋችን ሁሉንም ከበብ አድርገን «ሁሉም ስንት?» እንላለን። ታላላቆቹ ገበጣ ሲጫወቱ እያየ ያደገ ልጅ ይሄን ቶሎ ይይዘዋል። ጠጠር አንድ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ መጣል እዚያም አለና።

ከተፈጥሮ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። የፕላስቲክ መቁጠሪያ ሁሉም እኩል ነው፤ ቅጠል ግን እኩል አይደለም። ሦስት ሰፋፊ የኮባ ቅጠልና አምስት ትንንሽ የወይራ ቅጠል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ «የትኛው ይበዛል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ወደ ኮባው ይጠቁማሉ። አንዷ «ቲቸር፣ ትልቁ ሁለት ተብሎ ይቆጠር?» አለችኝ። «አይ የኔ ቆንጆ፣ ትልቁም አንድ ነው፣ ትንሹም አንድ ነው» አልኳት። ከዚያ አንድ ለአንድ አጋጠምናቸው። ሁለት የወይራ ቅጠል ጓደኛ አጣ። እሱን ሲያዩ ነው የሚገባቸው፤ በቃል ብቻ ብነግራቸው ይረሱታል። ያንኑ አምስት ጠጠር አንዴ በትኜ፣ አንዴ ሰብስቤ የማስቆጥረውም ለዚሁ ነው።

ጀማሪ ልጅ ወፍ ወይም ጉንዳን እንዲቆጥር አልጠይቅም። መጀመሪያ የሚነካና የሚነሳ፣ ቀጥሎ የማይነሳ፣ የሚንቀሳቀሰው መጨረሻ። የማይነሳው የግቢው ዛፍ ነው። ዛፎቹ በአጥሩ ዙሪያ ስለሆኑ ልጆቹ ዞረው የመጀመሪያውን መልሰው ይቆጥሩታል። ስለዚህ መነሻው ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን። ጨርቁ ጋ ስንደርስ መቁጠር እናቆማለን።

ዜሮን ያስተማርኩት በባቄላ ነው። አሥር ሃይላንድ ቆርጠን አፈር ሞላንና በእያንዳንዱ አንድ አንድ ፍሬ ዘራን። በማግስቱ «ስንት በቀለ?» ስላቸው «ምንም!» አሉ። ሰሌዳው ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ሮጠው የሚሄዱት ወደዚያ ሆነ። ቁጥሩ አንድ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሰባት ደረሰ። ሦስቱ ሳይበቅሉ ቀሩ። «ሰባት በቀለ፣ ሦስት ቀረ፣ ሁሉም አሥር» የሚለውን ያለ መደመር ምልክት ራሳቸው ተናገሩት። ልጅ መልሱን ማወቅ ከፈለገ ቆጠራው ትክክል እንዲሆን ይጠነቀቃል፤ ይሄን በተለይ ለአስተማሪዎች ማለት እፈልጋለሁ።

ከአሥር በላይ ስንሄድ የሚረዳኝ የእንቁላል ትሪ ነው። ሠላሳ የሚይዘው ትሪ አምስት በስድስት ስለሆነ፣ በመቀስ ሲቆረጥ ባለ አሥር ጉድጓድ ሦስት ቁራጭ ይወጣዋል። አንዱ ሲሞላ አሥር መሆኑን እንደገና መቁጠር አያስፈልግም። አሥራ ሦስት ማለት አንድ ሙሉና ሦስት ፍሬ ነው። ወላጆች ቤት ውስጥ ይሄንኑ በሽምብራ ቢሞክሩት ምንም ወጪ የለውም። ብቻ ልጁ ሲያሻግር አታጣድፉት፤ ቢሳሳትም መልሱን አትንገሩት፣ ወደ ክቡ መልሳችሁ «እስቲ እንደገና» በሉት።